እቴጌ ጣይቱ ብጡል፤ ከግብር አዳራሽ እስከ ሆቴል

የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች ከታሪካችን አንድ ሰው መርጬ ሕይወቱን ለሙያ ባልደረቦቼ እንድተርክ በጠየቁኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ወደ ሐሳቤ የመጡት ድልድይ ያሠሩ፣ መንገድ ያስጠረጉና ሐዲድ ያስዘረጉ ሰዎች ነበሩ። የመንገድ መሐንዲስ ነኝና ይህ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ጉዳዩን ባወጣሁና ባወረድሁ ቁጥር ሐሳቤ ከመንገዱ ይልቅ ወደ መንገዱ ዳር እያዘነበለ አስቸገረኝ። መንገደኛ ይርበዋል፤ ይጠማዋል፤ ሲመሽበትም የሚያድርበት ይሻል። ስለዚህ በመጨረሻ የመረጥሁት መንገድ ያሠራ ሰው ሳይሆን ለመንገደኛ ቤት ያሠሩ ሴት ናቸው። ምርጫዬ ለምን እንደዚህ እንደሆነ አስቀድሜ ላስረዳ።

ያደግሁት በላይ ጋይንት፣ በነፋስ መውጫ ከተማ ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አልፎ ወልድያ የሚደርሰው፣ ቻይናውያን ስለሠሩት እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ እየተባለ የሚጠራው ጎዳና በከተማችን ያልፋል። በልጅነቴ አስፋልት ገና አልለበሰም ነበር። የጉናን ብርድ አልፎ የመጣ አውቶቡስ አቧራውን እየጎተተ ሲቆም፣ ሴቶችና ልጆች ሰፌድና ትሪ ከፍ አድርገው ይዘው ወደ መስኮቱ ይሽቀዳደሙ ነበር። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ፣ የገብስ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ትኩስ ዳቦ ይቀርባል። ተሳፋሪው ከመቀመጫው ሳይነሣ ያዝዛል፤ ሻጩ በእግሩ ጣት ቆሞ ያቀብላል፤ አንዳንዴም መልስ ሳይሰጥ፣ አንዳንዴም ዋጋው ሳይከፈል አውቶቡሱ ይነሣና ሩጫ ይሆናል። የጭነት መኪና ሾፌሮች ግን ክብራቸው የተለየ ነበር። ለእነርሱ ሻይ በብርጭቆ፣ እንጀራም በሳህን ተሸፍኖ እስከ ጋቢናቸው ድረስ ይሄድላቸው ነበር። እናቴ ከእነዚህ ሻጮች አንዷ ነበረች። እኔም ትሪ ተሸክሜ ሮጫለሁ፤ ደብተርና እርሳስ የተገዛልኝም ከዚያው ከትሪው ነው።

የእናቴ እናት ግን ይህን ሥራ አይወዱትም ነበር። ከእስቴ የተዳሩ፣ ደጃቸው ለእንግዳ ተዘግቶ የማያውቅ ሴት ነበሩ። እንጀራ ይቀርባል እንጂ ይሸጣል ብሎ ነገር በእርሳቸው ዘንድ አልነበረም። መሸብኝ ያለ እግሩ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ በማግሥቱም መርቆ ይሄዳል። ልጃቸው የተቀቀለ ድንች ለማያውቁት ሰው በሳንቲም ስትለውጥ ማየት እንደ ውርደት ሆኖባቸው፣ በዚያ ገንዘብ የተገዛ ቡና ሲፈላ ሰበብ ፈልገው ይወጡ ነበር። እናቴና አያቴ በዚህ ነገር ሳይስማሙ አያቴ ዐረፉ። የሁለቱን ክርክር እኔ እስከ ዛሬ በልቤ ይዤው እዞራለሁ።

የማኅበራችን ታላላቆች በሻይ ዕረፍት ላይ ስለ ድሮዋ አዲስ አበባ ሲያወሩ፣ በፎልክስዋገን ወይም በትንሿ ፊያት ውስጥ እንደተቀመጡ ማኪያቶና ኬክ ያስመጡ የነበረበትን ጊዜ በታላቅ ናፍቆት ያነሣሉ። አስተናጋጁ ትሪውን በመስኮት ሲያቀብል፣ ከኋላ መቀመጫ ያሉ ልጆች ሲንጫጩ፣ የመኪናው መስተዋት በእንፋሎት ሲደበዝዝ ይተርካሉ። በአሜሪካ ይህ ልማድ ታሪኩ በሰፊው ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1921 ጄሲ ከርቢ የተባለ ነጋዴ በቴክሳስ ግዛት በዳላስ ከተማ ሰዎች ከመኪናቸው ሳይወርዱ የሚበሉበትን ቤት ከፈተ። ምግብ አሳላፊዎቹ ወጣቶች ገና በመቆም ላይ ባለ መኪና መርገጫ ላይ እየዘለሉ ትእዛዝ ይቀበሉ ነበር። ልማዱ ባገሩ ሁሉ ከተስፋፋ በኋላ ግን፣ እ.ኤ.አ. ከ1956 ወዲህ የተሠሩት ታላላቅ አውራ ጎዳናዎች ከተሞቹን ወደ ጎን ትተው ሲያልፉ፣ በአሮጌው መንገድ ዳር የነበሩት ብዙዎቹ ቤቶች ደንበኛ አጡ። ዛሬ የዚያ አገር ሽማግሌዎች የቀሩትን ጥቂቶች እንደ ቅርስ ይጎበኟቸዋል። ታላላቆቻችን የሚናፍቁትን ማኪያቶ እኔ አልደረስሁበትም፤ የእኔ ናፍቆት የድንችና የሚጥሚጣ ነው። ቢሆንም በሁለቱ መካከል ያለው ዝምድና አይጠፋኝም፤ ምግብ ወደ መንገደኛው ይመጣል፣ መንገደኛውም ዋጋውን ከፍሎ ይሄዳል። በአገራችን ለዚህ ነገር ክብር የሰጡት የመጀመሪያዋ ታላቅ ሰው ደግሞ የደብረ ታቦር ተወላጅ ናቸው የሚባሉት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው።

እቴጌ ጣይቱ በ1832 ዓ.ም. በበጌምድር፣ በደብረ ታቦር እንደተወለዱ በአገራችን በብዛት ይነገራል፤ ልደታቸውን ዐሥር ዓመት ያህል ወደዚህ የሚያመጡት የውጭ አገር ጸሐፊዎችም አሉ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ነው። አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም የሰሜን መሳፍንት ወገን ሲሆኑ፣ ሰሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም አጎታቸው ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ። ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ በካሳ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት ድል ሲሆኑና ሲታሰሩ፣ የቤተ ሰቡ ዕድል አብሮ ተገለበጠ። ስለዚህ ጣይቱ ያደጉት ትልቅ ስም እንጂ ትልቅ ግዛት በሌለው ቤት ነው ማለት ይቻላል። የዚያ ዘመን ሴቶች ብዙዎቹ ያላገኙትን ትምህርት ግን አገኙ። አማርኛ ማንበብና መጻፍ፣ ግእዝ፣ ቅኔ፣ በገና መደርደርና ሰንጠረዥ መጫወት ያውቁ ነበር። ሰንጠረዡን በተለይ ልብ ይሏል፤ በኋላ ዘመን የሠሩት ሥራ ሁሉ ሦስትና አራት እርምጃ አስቀድሞ የሚያይ ሰው ሥራ ነው።

ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ከመጋባታቸው በፊት ሌሎች ትዳሮች ነበሯቸው፤ አንዱም አልጸናም። በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን በአንኮበር በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በቁርባን ተጋቡ። ይህ ጋብቻ ለምኒልክ ከሰሜኑ መኳንንት ጋር የመተሳሰሪያ ገመድ ነበር። ወንድማቸው ራስ ወሌ ብጡል በየጁ ሲሾሙ፣ የወሌ ልጅ ጉግሣ ደግሞ የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን አገቡ። የበጌምድርና የሸዋ ቤቶች በእንዲህ ያለ ብልሃት ተጠላለፉ። በዘመኑ ለዚህ ጋብቻ አስባቂ የሚባሉት እቴጌይቱ ራሳቸው ናቸው፤ ለዘመድ ማድላታቸውም ብዙ ጠላት አፍርቶባቸዋል።

ስለ አዲስ አበባ መቆርቆር ሁላችንም ስለምናውቅ ብዙ አልልም። እንጦጦ ከፍ ያለ፣ ብርዳማ፣ ማገዶና ውኃም እየራቀው የሄደ ሰፈር ነበር። የጉናን ብርድ የሚያውቅ ሰው የእንጦጦን ብርድ ለመገመት አይቸገርም። በ1879 ዓ.ም. እቴጌይቱ ወደ ፍልውኃ ወርደው ከሙቁ ምንጭ አጠገብ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። የሙያ ወንድሞቼ በቀላሉ እንደሚረዱት፣ ከተማ የሚመረጥበት ሦስቱ ጥያቄዎች ውኃ፣ ማገዶና መውጫ መግቢያ ናቸው፤ እቴጌይቱ የጀመሩት ከውኃው ነው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ሲነግሡ፣ ጣይቱም ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ፤ የእቴጌይቱ የመጀመሪያ መንግሥት እርሱ ነበርና። ስለ ግብር በልጅነታችን ብዙ ሰምተናል፤ ነገር ግን በመሐንዲስ ዓይን የተመለከተው ሰው ጥቂት ይመስለኛል። በአንድ ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ አዳራሽ ያበላል ማለት ምን ማለት እንደሆነ እስቲ እናስበው። ጤፉ ከየአገሩ ገብቶ በጎተራ ይከማቻል፤ ይፈጫል፤ ሊጡ በጊዜው ይቦካል፤ ከሦስት ቀን በፊት ያልተቦካ ሊጥ በበዓሉ ቀን እንጀራ አይሆንም። ማሩና ጌሾው ተጥሎ ጠጁ ከብዙ ቀናት አስቀድሞ ይጠነሰሳል። ቅቤው ይነጠራል፤ በርበሬው ይደለዛል፤ ሰንጋው ይመረጣል። እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ሥጋ ቤት እያንዳንዱ የራሱ አለቃ፣ የራሱ ሠራተኛ፣ የራሱ ሰዓት አለው። አንዱ ቢዘገይ ሁሉም ይቆማል። ዛሬ ይህን በሰንጠረዥና በሥራ መርሐ ግብር የምናቅደው ብዙ ባለሙያ ቀጥረን ነው። እቴጌይቱ ይህን ሁሉ በበላይነት ይመሩ ነበር።

በአዳራሹም ቢሆን ሥርዓቱ የታወቀ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱና ቅርብ መኳንንቶቻቸው በመጋረጃ ተከልለው አስቀድመው ይመገባሉ። ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና ሰው በየማዕርጉ ተራ በተራ ይገባል፤ አጋፋሪው ያስገባል፣ ያስቀምጣል፣ ያስወጣል። አሳላፊዎቹ ብርንዶውን ተሸክመው በመደዳ ያልፋሉ፤ ጠጁ ለትልቁ በብርሌ፣ ለተርታው ሰው በዋንጫ ይቀዳል። አሳላፊ የሚለውን ቃል እወደዋለሁ። አሳላፊ ምግቡን ከጓዳ ወደ እንግዳው የሚያሳልፍ ሰው ነው፤ ሲያሳልፍም ማን መቅደም እንዳለበት፣ ማን እንደ ጎደለበት፣ ማን እንደ ተከፋ ያያል። የዳላስ ወጣቶች በመኪና መርገጫ ላይ ሲዘልሉ፣ እኛም በነፋስ መውጫ ትሪ ይዘን ስንሮጥ፣ የሠራነው ሥራ በመሠረቱ ያው ማሳለፍ ነው፤ ልዩነቱ ማዕርግ አለመኖሩ ነው። በአውቶቡሱ መስኮት አስቀድሞ የሚበላው ራስ ወይም ደጃዝማች አይደለም፤ ሳንቲሙን አስቀድሞ ያወጣው ነው።

ከግብሮቹ ሁሉ በይበልጥ የሚታወሰው እንጦጦ ማርያም በ1880 ዓ.ም. መባቻ ስትመረቅ እቴጌይቱ ያዘጋጁት ግብር ነው። በዚያን ጊዜ ገና ንግሥተ ነገሥታት አልሆኑም፤ ከሸዋ ሰው ጋርም ገና በወጉ አልተዋወቁም ነበር ማለት ይቻላል። ለቀናት የቆየው የዚያ ድግስ ታሪክ በዜና መዋዕሉ ውስጥ በሰፊው ተመዝግቧል። ጄምስ ማካን የተባሉ አሜሪካዊ የታሪክ ሊቅ ስለ አፍሪካ የምግብ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ግብር መርምረው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብ የምንለው ነገር የተለያዩ አገሮች ወጥና እንጀራ በአንድ መሶብ ላይ በመሰባሰባቸው እንደተወለደ፣ ለዚህም የእቴጌይቱ ድግስ ዋና ምዕራፍ እንደሆነ ያስረዳሉ። በዚህ አስተያየት እስማማለሁ፤ ሆኖም አንድ ነገር መጨመር ይገባኛል። ያ ግብር የተበላው ክፉ ቀን ሊመጣ ጥቂት ጊዜ ሲቀረው ነው። ወዲያው በ1880ዎቹ መጀመሪያ የከብት እልቂት መጥቶ በሬ የሚባል ነገር ከብዙ አገር ጠፋ፤ ሕዝቡም በረሃብ አለቀ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት እስከ መቆፈር ደረሱ። እኔ የተወለድሁበት አገር ረሃብን ደጋግሞ ያየ ስለሆነ፣ የግብርን ታላቅነት ሳነብብ ያ ዘመን ከዓይኔ አይጠፋም።

ስለ ውጫሌ ውልና ስለ ዐድዋ ሁሉም ያውቃልና በአጭሩ ልለፈው። ውሉ በ1881 ዓ.ም. ተፈርሞ የአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ተንኮል ከታወቀ በኋላ፣ ከጣልያን ጋር መሸነጋገሉን አጥብቀው ከተቃወሙት ሰዎች ግንባር ቀደሟ እቴጌይቱ ነበሩ። ጦርነቱ ሲታወጅ የራሳቸውን ጦር አሰልፈው ዘመቱ። ለእኔ በዚህ ዘመቻ ውስጥ ጎልተው የሚታዩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱም የጓዳ ጥበብ ናቸው። አንደኛው ስንቅ ነው። በዚያ ዘመን የጦር ሠራዊት ያለ ሴቶች እጅ፣ ያለ በሶ፣ ያለ ድርቆሽና ያለ ቋንጣ ከአዲስ አበባ ትግራይ አይደርስም። ሁለተኛው ውኃ ነው። በ1888 ዓ.ም. በጥር ወር በመቀሌ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ የነበረውን የማጆር ጋሊያኖን ጦር በግንባር በመግጠም ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ፣ ምሽጉ ውኃ የሚቀዳበትን ምንጭ መያዝ ይሻላል የሚለውን ምክር ያቀረቡት እቴጌይቱ እንደነበሩ ይታወቃል። ምንጩ ተያዘ፤ ምሽጉም ተለቀቀ። የካቲት 23 ቀን በዐድዋም በጦርነቱ መካከል ተገኝተው ያዋጉ፣ ሴቶቹንም አሰልፈው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውኃ ያስቀዱ ነበር። ብዙ ሰው የእቴጌይቱን ጀግንነት በጎራዴ ይመስለዋል፤ እኔ ግን በእንስራ ይታየኛል።

ከዐድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ የውጭ አገር ሰው በዛባት። የመንግሥታት መልእክተኞች፣ ነጋዴዎች፣ መሐንዲሶች፣ ውል ፈላጊዎች ይጎርፉ ጀመር። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ስለ ደረሰ የመንገዱ ግማሽ ቀለለ። እነዚህ እንግዶች በድንኳን ይሰፍራሉ፣ ወይም በየሰው ቤት ይጠጋሉ፤ ቀለባቸውም በልማዱ ከቤተ መንግሥት ይወጣ ነበር። ለጥቂት እንግዳ የተሠራ ወግ ለብዙ እንግዳ ሲሆን ይከብዳል። እቴጌይቱ ይህን አይተው ይመስለኛል ወደ ሆቴሉ ሐሳብ የመጡት። በዛሬው ፒያሳ፣ በድንጋይና በእንጨት የተሠራው፣ ሰፊ ሰገነትና የእንጨት ደረጃ ያለው እቴጌ ሆቴል በ1900 ዓ.ም. ተከፈተ። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሆቴል ተብሎ የሚታወቀውም ይኸው ነው።

ሆቴሉ በተከፈተ ጊዜ ሆነ የሚባለው ነገር እንደ ጨዋታ ይወራል፤ እኔ ግን ከጨዋታ በላይ ሆኖ አገኘዋለሁ። የአገሩ ሰው ወደ ሆቴሉ አልሄድ አለ። ባለጠጋው በቤቱ ጓዳ እያለው፣ ዘመድና ወዳጅም ሳይቸግረው፣ ምግብ በገንዘብ መግዛት ነውር መሰለው። እንደ ትረካው፣ ዐፄ ምኒልክ መኳንንቶቻቸውን አስከትለው ወደ ሆቴሉ ሄዱና በሉ፤ ጠጡ። መኳንንቱም እንደ ወትሮው ግብር መስሏቸው ደስ ብሏቸው ተነሡ። ንጉሡ ግን ሒሳቡን ከኪሳቸው ከፈሉ፤ ከእንግዲህም እየተጋበዙ በተራ እንዲከፍሉ ለመኳንንቱ አሳሰቡ። ከዚያ ወዲህ ሰዉ መልመድ ጀመረ ይባላል።

አያቴ ይህን ታሪክ ሰምተው ቢሆን ምን ይሉ ነበር እያልሁ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ምናልባት እቴጌይቱን ይታዘቧቸው ነበር። በግብር አዳራሽ ከእቴጌይቱ በላይ ያበላ የለም፤ ሆኖም ያቺው ሴት፣ አሳላፊው ፊት ሒሳብ እንዲቀመጥ ፈቀዱ። እኔ ይህን እንደ ንፍገት አላየውም። የግብር እንግዳ የሚበላው በማዕርጉ ነው፤ ጌታ የሌለው፣ ወገን የሌለው፣ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው በዚያ አዳራሽ ስፍራው የት እንደሆነ አያውቅም። በሆቴል ግን ዋጋውን የያዘ ሁሉ ይቀመጣል። ያበሰለችውና ያሳለፈውም ድርጎ ሳይሆን ደመወዝ ይቀበላሉ። በሌላ በኩል ገንዘብ የሌለው መንገደኛ ከሆቴሉ ደጅ ይመለሳል፤ ከአያቴ ደጅ ግን አይመለስም ነበር። ይህን ልክ ነበሩ ብዬ ለአያቴ ሳልመሰክር ማለፍ አልችልም።

እናቴ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ በመጣች ጊዜ ወደዚሁ ሆቴል ወስጃት ነበር። ከሰገነቱ ተቀምጣ ያየችው ሕንጻውን አልነበረም፤ አስተናጋጇን ነበር። ትሪውን በአንድ እጇ እንዴት እንደምትይዝ፣ ብርጭቆዎቹን እንዴት እንደምታመዛዝን፣ ሰው በሚበዛበት ስታልፍ ክንዷን እንዴት እንደምትሰበስብ በጥሞና ተመለከተች። ስንወጣ ከመቀነቷ ፈትታ ጉርሻ ሰጠቻት። እኔ ልክፈል ብላት አልሰማችኝም።

በዚያው በ1900 ዓ.ም. ሌላም ነገር ሆነ። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች አውቶሞቢል ይዞ ከባሕር ጠረፍ ተነሣና በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ ገባ። መንገድ በሌለበት አገር ጎማ ነድቶ መድረስ ምን ያህል እንደሚያደክም ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ዐፄ ምኒልክ በአውቶሞቢሏ ተቀምጠው ሄዱባት፤ እጅግም ደስ አላቸው። ሆቴልና አውቶሞቢል ወደ አንዲት ከተማ በአንድ ዓመት ገቡ ማለት ነው። በዳላስ ሁለቱ የተገናኙት ከዚህ በኋላ ዐሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከትውልድ አገሬ ርቃ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ዋናው መንገድ ከተማዋን ወደ ጎን ትቶ እንዲያልፍ ሲጠና ከአጥኚዎቹ አንዱ ነበርሁ። የሚቆጠበውን ነዳጅ ቆጠርን፤ የሚያጥረውን ሰዓት ቆጠርን፤ የሚቀንሰውን አደጋ ገመትን። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አልክደውም። በሠንጠረዡ ውስጥ ግን ትሪ ለሚሸከሙት ሴቶች የተሠራ ዓምድ አልነበረም፤ ከሁሉም ይልቅ ያን ማስታወስ የሚገባው እኔ ሆኜ ሳለ፣ አላነሣሁትም፤ ፈረምሁ። መንገዱ ካለቀ በኋላ በዚያ ሳልፍ አሮጌው ጎዳና ጭር ብሏል። ልጆቹ ከአዲሱ አስፋልት መገናኛ ላይ ወጥተው፣ በሰዓት ሰማንያና መቶ ኪሎ ሜትር ከሚበርር መኪና ፊት ቆሎ እያሳዩ ይሮጣሉ። እኛ በነፋስ መውጫ ስንሮጥ አውቶቡሱ ቆሞልን ነበር። ለመኪና ማቆሚያ የሚሆን ከመንገዱ ወጣ ያለ ሰፊ ስፍራ፣ ጥቂት ዳሶችና አንድ የውኃ ቧንቧ ከጠቅላላው ወጪ ውስጥ የሚታይ ነገር አይደለም። ይህን አሁን በምሠራው ጥናት ሁሉ አስገባለሁ፤ አንዳንዱ ላይ ይሰረዝብኛል፤ እንደገና አስገባዋለሁ።

ወደ እቴጌይቱ ልመለስ፤ የቀረው ታሪካቸው አሳዛኝ ነው። ሆቴሉ በተከፈተ ሰሞን የዐፄ ምኒልክ ጤና ከፋ። ሕመሙ እየበረታ ሲሄድ እቴጌይቱ አልጋውን ይጠብቁ፣ ሹመቱንም ይሰጡ ጀመር። በዚያን ጊዜ ለወገኖቻቸው አብዝተው አደሉ፤ ለቀሩት መኳንንትም ዐይን ነሱ የሚለው ክስ ያለ ምክንያት የመጣ አይመስለኝም። ብልህ የሰንጠረዥ ተጫዋችም አንድ ቀን ይሳሳታል። መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት መክረው ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያወጡና በሽተኛውን ብቻ እንዲያስታምሙ አደረጓቸው። የወንድማቸው ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌም ታሰሩ። ያን ሁሉ ሺህ ሰው ሲያበሉ የኖሩት ሴት ከዚያ በኋላ የነበራቸው ሥራ አንድ በሽተኛ ማጉረስ ሆነ።

ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ እቴጌይቱ ወደ እንጦጦ እንዲወጡ ተደረገ። ሃያ ስድስት ዓመት አስቀድሞ ያን ታላቅ ግብር ባበሉበት ደብር አጠገብ፣ ከዚያ ብርድ ሽሽት ወርደው የቆረቆሯትን ከተማ ከላይ እየተመለከቱ ተቀመጡ። የልጅ ኢያሱን መውረድና የንግሥት ዘውዲቱን መንገሥ ከዚያው ሆነው ሰሙ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ዐፅማቸውም በኋላ በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ከዐፄ ምኒልክ አጠገብ እንዲያርፍ ሆኗል።

የቤታቸው ታሪክ ግን የተዘጋው ወደ እኛ አገር ነው። ራስ ጉግሣ ወሌ ከእስር ተፈትተው፣ ባለቤታቸው ዘውዲቱ ስትነግሥም ከእርሷ ተለይተው፣ በጌምድርን ከደብረ ታቦር ሆነው ይገዙ ነበር። በመጨረሻም ከንጉሥ ተፈሪ መኰንን ጋር ተጣልተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በበጌምድርና በወሎ ወሰን አካባቢ፣ አንቺም በተባለ ስፍራ ተዋግተው ወደቁ። በዚያ ጦርነት አውሮፕላን በሰማይ መጥቶ በመጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎም ቦምብ ጣለ። በጋይንት የነበሩ አባቶች ከሰማይ የወረደውን ነገር ሲተርኩ የሰማናቸው ብዙዎች ነን። ንግሥት ዘውዲቱም ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፉ።

ሆቴሉ ቆየ። ጣልያን ገብቶ ወጣ፤ ንጉሡ ወረዱ፤ ደርግ መጥቶ ሄደ፤ ቤቱ ባለቤት ቢቀያይርም እንግዳ መቀበሉን አልተወም። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ ከቤቱ ከፊሉን በላው። በማግሥቱ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሄደን ከሕዝቡ መካከል ቆመን ተመለከትን። እንደ ልማዳችን ስለ አሮጌ እንጨት፣ ስለ ኤሌክትሪክ መስመርና ስለ ውኃ ግፊት ስንከራከር፣ አንዲት የሆቴሉን ልብስ የለበሰች ሴት በጭስ የጠቆሩ ሳህኖችን ከፍርስራሹ እያወጣች፣ በባልዲ ውኃ እያጠበች፣ በግድግዳው ጥግ ትደረድር ነበር።